በወንድሜ ባሕር ዛፍ ላይ ያየሁት እባጭ

አባታችን ሲሞት መሬቱን በዕጣ ተካፈልን። ለታላቅ ወንድሜ የወንዙ ዳር ደረሰው፤ ለእኔ ከእሱ በላይ ያለው ድንጋያማ ተረተር። ዕጣውን ያወጡት የነፍስ አባታችን ናቸው፤ ማንም አላጭበረበረም። ወንድሜ አጭበርብሮ ቢሆን እመርጥ ነበር፤ ቢያንስ ለንዴቴ ምክንያት አገኝ ነበር።

እሱ ባሕር ዛፍ ተከለ። አንዴ ቆርጦ ሸጠው፤ ከጉቶው ያቆጠቆጠው ደግሞ በሁለት ክረምት ከሰው ቁመት አለፈ። «ይሄ ሲደርስ ቆርቆሮ ቤት እሠራበታለሁ» ይል ነበር። ደምበጫ ገበያ የሚሄደው ሁሉ በዚያ ሲያልፍ ቆም ብሎ ያደንቃል። እኔም ያንኑ ተክዬ ነበር፤ ችግኜ ግን ከጉልበቴ አላለፈም። ቆሞ ያየውም የለም።

ሰኔ ላይ ከብት ልመልስ ወርጄ የወንድሜን ዛፍ ቅጠል አየሁት። በመሐል ጅማቱ ላይ ምስር የሚያህል እባጭ ተደርድሯል። ለጋው ጫፍ ተጣሟል፤ ቅጠሉም ተጠቅልሏል። ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። የልማት ሠራተኛዋ አንድ ቀን ቀበሌ ሰብስባ አሳይታናለች፤ ወንድሜ ያን ቀን አልመጣም። ከትንኝ የምታንስ ነፍሳት ለጋውን ወግታ እንቁላሏን ትጥልበታለች፤ የተወጋው ቦታ ያብጣል፤ ዛፉም ይቀጭጫል። ቶሎ ከታየ የታመመውን ቆርጦ ማቃጠል ነው።

ልነግረው ይገባኝ ነበር። አልነገርኩትም። ምን ልዋሽ፣ ደስ አለኝ። «ዝም አይነቅዝም» ይባል የለ፤ ዝም አልኩ። በየሳምንቱ እየወረድኩ ግን እባጩ ምን ያህል እንደሰፋ አይ ነበር።

ነሐሴ ላይ ዛፉ መቀጨጩን ራሱ አየ። የሰው ዓይን ነው ብሎ የበሬ የራስ ቅል እንጨት ላይ ሰክቶ አቆመ። የቅሉ ፊት ወደ እኔ ተረተር ዞሯል። ለእኔ ነው ብዬ ተናደድኩ። ነገሩ የነፍሳት ሥራ መሆኑን እያወቅሁ ደግሞ ፈራሁ፤ እውነትም ዓይኔ ቢሆንስ?

ጥቅምት ላይ አንድ ጧት ከታች ጢስ አየሁና ወረድኩ። ወንድሜ ያን ሁሉ ዛፍ እስከ ጉቶው ጨፍጭፎ ክምሩን ያቃጥላል።

«አያ፣ ምን ነካህ?»

«ቅርንጫፉን ይዤ ደብረ ማርቆስ ግብርና ሄጄ ነበር። ዓይን አይደለም፣ ነፍሳት ናት አሉኝ። የባሰበትን ብቻ ብትቆርጥም ይሆናል ብለውኝ ነበር» አለና ላቡን ጠረገ። «ጎረቤት ለጋ ችግኝ ካለው ግን ወደዚያ ትሻገራለች አሉ። የእኔ ከጉቶው ይበቅላል። ያንተ ገና ሥር አልያዘም፤ ከተመታ አለቀለት።»

«ቤቱስ?»

«ይቆያላ። ትናንት አንተ ቤት ሳትኖር ወጥቼ ችግኝህን አንድ ባንድ አየሁልህ። ንጹሕ ነው።» እሳቱን ቆሰቆሰ። «አንተ ወዲህ ስትመላለስ ይሄን እባጭ አላየህበትም?»

«አላየሁም፣ አያ።»

አመነኝ። ሌላ ሸክም ሊያመጣ ሄደ። ላግዘው ይገባኝ ነበር፤ አላገዝኩትም። እሳቱ አጠገብ ቆሜ በደግነቱም ቀናሁበት።