ሳንቲም ያልገባበት ጨዋታ

አቧራ የጠጣ አሮጌ ቴሌቪዥን ሲሞቅ የራሱ ሽታ አለው። የጋለ ብረት ይሸታል፣ የተለበለበ ፀጉር ይሸታል፣ ትንሽም የእንጨት ሙጫ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴትዮ ኋላው ያበጠ የድሮ ቴሌቪዥን በሞተር አስጭና ሱቄ ድረስ አመጣችልኝ። ዛሬ ማን እንዲህ ያለውን ያሠራል? «እናቴ፣ ይኼን ከምታሠሪ አዲስ ብትገዢ ይሻልሻል» ልላት አፌን ስከፍት፣ የሰካሁት ቴሌቪዥን ሞቀና ያ ሽታ ወጣ። ካቻቪቴዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ሴትዮዋ ነገሩ የማይድን መስሏት ደነገጠች።

የተነቀለው የድምፁ ሽቦ ብቻ ነበር። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጁባ፣ አማራት ሰፈር ውስጥ፣ የአንዲት ሐበሻ ሆቴል ጓሮ ቆሜአለሁ።

አንተ ያን ጊዜ ጁባን አላየሃትም። የአገራችን ጦርነት ቆሞ ሰላሙ ከተፈረመ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ከተማዋ ቀይ አቧራና አዲስ ቆርቆሮ ነበረች፤ መብራት ማለት ጄኔሬተር ነበር። እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። እናቴ ጦርነቱን ስትሸሽ እኔን የሁለት ዓመቱን ልጅ አዝላ ድንበር ተሻገረች፣ አባቴ ከተዋጊዎቹ ጋር ቀረ፤ ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት አልተያዩም። ሰላም ሲወርድ አባቴ በሰው በሰው አፈላልጎ «ቤት ሠርቻለሁ፣ ኑ» ብሎ ላከብን። እናቴ ግን በአንድ ቃል የምትነሳ ሴት አልነበረችም። እኔን አስቀደመችኝ።

ስትሸኘኝ ያለችኝ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። «ጦርነት ሰው ይለውጣል። የማውቀው ሰው ይሁን ሌላ ይሁን እኔ እንጃ። አብረኸው ኑርና ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ንገረኝ። ነይ ካልከኝ እመጣለሁ። ተዪ ካልከኝ አንተም ትመለሳለህ። ትምህርት ሳይከፈት ንገረኝ።»

እስቲ አስበው! የአንድ ትዳር ዕጣ ገና ጺሙ ላልወጣ ጎረምሳ ሲሰጥ።

አባቴ አትላባራ የሚባል ሰፈር ነበር የሚኖረው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ጥይት የመታው ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች አይሠራም፤ ደረቱ ላይ አጥፎ ነው የሚይዘው። በግራ እጁ ያበስላል፣ በግራ እጁ ሸሚዙን ይቆልፋል፣ ጠዋት ወጥቶ አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ይውላል። የሚናገረው የጎሣችንን ቋንቋና የጁባ ዐረብኛን ነው። እኔ ደግሞ እናቴ በቋንቋችን ስታናግረኝ በአማርኛ እየመለስኩ ያደግሁ ልጅ ነኝ። እሰማዋለሁ፣ መናገሩ ግን ለአፌ ዳገት ነበር። በመጣሁ ሰሞን ደፍሬ ብሞክር የሰፈሩ ልጆች መሬት ላይ ተንከባለው ሳቁብኝ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይሉ የለ፤ እኔም ዘጋሁት፣ ለአባቴም ጭምር። እሱ እንደናቅኩት ቆጠረው፤ እኔ እንዳልወደደኝ ቆጠርኩት። ማታ ከአንድ ሳህን እንበላለን፤ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው።

ቀን ቀን አማራት እሄዳለሁ። እዚያ አማርኛ አለ። ባለሆቴሏ የጎንደር ሰው ናት፤ ስትቆጣም ስትስቅም ድምፅዋ እኩል ነው። ጓሮዋ ውስጥ፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ ቆርቆሮ ሥር፣ ቁም ሣጥን የሚያህል የጌም ማሽን አቁማ ነበር። ከካምፓላ ከቢራ ጋር በጭነት መኪና ተጭኖ የመጣ ነው። እሷ «ሣጥኑ» ነበር የምትለው። የሚበላው የኡጋንዳን ሳንቲም ብቻ ነው፤ ጁባ ደግሞ ያን ጊዜ ገንዘብ ማለት ወረቀት ነው፣ ሳንቲም የያዘ ሰው አታገኝም። ስለዚህ ባለሆቴሏ ሳንቲሞቹን በወተት ጣሳ ታስቀምጣለች፤ ወረቀት ሰጥተህ ሳንቲም ትወስዳለህ፣ ማታ የሣጥኑን ሆድ በቁልፍ ትከፍትና ያንኑ ሳንቲም ወደ ጣሳው ትመልሳለች። ትልቅ ወረቀት ካሳየሃት «ፈካ ማፊ! ዝርዝር የለኝም፣ ሂድ ወዲያ» ነው መልሷ።

አንድ ቀን ኋላውን ከፍታ ስትጠርግ አንገቴን አስገብቼ አየሁት። የቴሌቪዥኑ መስታወት፣ አረንጓዴው ቦርድ፣ እንደ ፀጉር የተጎነጎነ ሽቦ። ሳንቲሙ ሲወርድ አንዲት ቀጭን ሽቦ ይነካል፤ ለማሽኑ «ተከፍሏል» ብላ የምትነግረው እሷ ናት። የዛሬ እንጀራዬ የተጋገረው ያን ቀን ነው ብልህ ውሸት አይደለም። ሌላም ነገር አወቅኩ፤ ሳንቲም ካልገባበት ማሽኑ ዝም ብሎ አይቆምም። አላፊ አግዳሚውን ለመሳብ ብቻውን እየተጫወተ ያሳያል። በመስኮቱ ላይ ዱላ የያዘች አንዲት ትንሽ ሰውዬ ትሄዳለች፣ ትዘላለች፣ ትመታለች፤ መያዣውን ብትነካው ባትነካው ለእሷ ግድ የላትም። ሳንቲም ስትከት ግን ሰውዬዋ ያንተ ናት፤ በግራ እጅህ መያዣውን እያዞርክ ታስኬዳታለህ፣ በቀኝህ ሁለቱን ቁልፎች እየተጫንክ ታስመታታለህ፣ ታስዘልላታለህ።

ጎበዝ ነበርኩ፣ ምን ልደብቅህ። ሰው ከብቦኝ እጮኻለሁ፣ እፎክራለሁ። እንዲህ እየጮኽኩ ነው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዞር ስል አባቴን የጓሮው በር ላይ ያየሁት። ለካ ከቆመ ቆይቷል። ሳቄ ከፊቴ ላይ ጠፋ፤ ሲጠፋም አየ። «ያላ፣ እንሂድ» አለኝ። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን አንድ ቃል ሳንነጋገር አትላባራ ደረስን። ያን ማታ ወሰንኩ። እናቴ እሑድ እሑድ በባለሆቴሏ ስልክ ትደውልልኝ ነበር፤ በሚቀጥለው እሑድ «ተዪ፣ ይቅርብሽ» ልላት።

ዐርብ ዕለት ባለሆቴሏ ጠራችኝ።

«አንተ ረጅሙ፣ አባትህ ምን ሆነው ነው?»

«ምን ሆኑ?»

«ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ እዚህ ጎራ ይላሉ። ሻያቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ሣጥኑ ጋ ነው። ሳንቲም ልስጥዎ ስላቸው ‹ማፊ፣ ማፊ› ብለው ይመልሱኛል። ሳንቲም ሳይከቱ ይጫወታሉ።»

«ሳንቲም ሳይከቱ እንዴት ይጫወታሉ?»

«እኔ ምን አውቄ! ደስ ብሏቸዋል፣ ተውኳቸው።»

በማግስቱ ማልጄ ሄድኩና ከቢራ ካሳዎቹ ኋላ ተሸሸግኩ። ጄኔሬተሩ ይንጓጓል፣ ያ የጋለ አቧራ ሽታ ጓሮውን ሞልቶታል። አባቴ ማሽኑ ፊት ቆሟል። ሻዩ መሬት ላይ ተቀምጧል። ማሽኑ ለራሱ ይጫወታል፤ እሱ ደግሞ በግራ እጁ መያዣውን እየገፋ፣ እየሳበ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ያግዘዋል። ትንሿ ሰውዬ ስትዘል የእሱም ተረከዝ ብድግ ይላል። ስትመታ «አዎ» እንደማለት ራሱን ይነቀንቃል። የሚጫወተው እሱ መስሎታል።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ያን ሁሉ ጦርነት የዋለ ሰው! ከዚያ ግን ገባኝ። አባቴ ጌም ወዶ አልነበረም የመጣው። የኔ አፍ የሚፈታበትን ቦታ አይቷል፤ እኔ የምወደውን ነገር ደብቆ ሊማር ነው የመጣው። እኔ እኮ የሱን ቋንቋ ደብቄ ልማር ብዬ አንድ ጠዋት እንኳ አልተነሳሁም። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

ከባለሆቴሏ ሳንቲም ተቀብዬ ሄድኩና አጠገቡ ቆምኩ። ሲያየኝ እጁን ከመያዣው ላይ አነሳ፣ እንደ ተያዘ ሌባ። ሳንቲሙን ከተትኩ። ማሽኑ ጮኸ። በእጄ «ቀጥል» አልኩት።

አምስት እርምጃ ሳይሄድ ሞተ። ደንግጦ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ቁልፎቹን አየ፣ ከዚያ ደረቱ ላይ የታጠፈውን እጁን። ፊቱ ሲወድቅ ማየት አልቻልኩም። ሌላ ሳንቲም ከተትኩና በቀኙ በኩል ገብቼ ቆምኩ፤ እጄን ቁልፎቹ ላይ አደረግኩ። መያዣው የሱ፣ ቁልፎቹ የኔ።

«ዱጉ!» ብሎ ጮኸ። በጁባ ዐረብኛ ምታ ማለት ነው። መታሁ። «ኑቱ!» ዘለልን። ጉድጓድ ውስጥ ገባን። አባቴ ሳቀ፤ ያን ቀን ነው ሲስቅ መጀመሪያ ያየሁት። አፉን በእጁ መዳፍ ሸፍኖ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ሳያወጣ ነው የሚስቀው። «ጀና ታይ» አለኝ፣ ልጄ።

ከዚያ በኋላ ጠዋታችን እንዲያ ሆነ። እሑድ ለእናቴ ልላት የወሰንኩትንም ተውኩት። ሲጣደፍ ዐረብኛው ይጠፋበትና በቋንቋችን «ቆይ!» «አሁን!» «ከኋላህ!» ይለኛል፤ እኔም ሳላስበው በዚያው እመልስለታለሁ። ስሳሳት ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል ያርመኛል፤ ጠላት እየመጣ ማን ይስቅብሃል? ማታ ማታ ሳህናችን ላይ ወሬ መጣ፤ የት ላይ እንደሞትን፣ ማን እንዳጠፋ። ጥፋቱ ሁልጊዜ የኔ ነው። እሱ ብቻውን ሲጫወት እንደዚህ ቶሎ እንደማይሞት ሳይነግረኝ የዋለበት ቀን የለም። ማሽኑ ብቻውን ይጫወት እንደነበር አልነገርኩትም። ከዓመታት በኋላ ሲሞትም ጠዋት ጠዋት ጎበዝ እንደነበረ አምኖ ነው። እናቴም ዓመት ሳትቆይ ተከተለችው።

ሦስተኛውን ደረጃ አልፈን አናውቅም። በዝናቡ ወራት አንድ ቀን ጄኔሬተሩ ኃይል ጨምሮ ቦርዱን አቃጠለው፤ ባዶ ሣጥኑን ሸሪካት የሚባል ሰፈር የሚኖር ሰው ወስዶ የዶሮ ማደሪያ አደረገው ሲሉ ሰማሁ። እንኳንም ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ሆነ፤ ምክንያቱም ከዚያ በፊት አንድ እሑድ ነበረ።

ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። እናቴ ደወለች። አባቴ ማዶ ወንበር ላይ ሻዩን ይዞ ተቀምጧል። አማርኛ አይሰማም፤ ግን የምንነጋገረው ስለ እሱ እንደሆነ ያውቃል፣ ወደ እኔ አያይም።

«እሺ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለችኝ እንደ ሁልጊዜው።

ለወራት ስለ ቤቱ፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ውኃው ነበር የምነግራት። ያን ቀን ሌላ ነገር ወጣኝ።

«እማ፣ አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም» አልኳት።

«ምኑን?»

«ጌም ነው። እንጫወታለን። ይሞታል፣ እንደገና ይጀምራል። ይሞታል፣ እንደገና ይጀምራል። አይተውም። ሲሸነፍ ደግሞ አይቆጣም፣ ይስቃል። አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ነው የሚስቀው፣ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ...»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት።

«እሱ ነው» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። ከዚያ እኔ መስመር ላይ መሆኔን ረስታ፣ የሻንጣ ዚፕ ስትከፍት ሰማሁ።