ሦስተኛው ፎቅ ላይ የተኛው ውኃ

የሥራ ባልደረቦቹ «ጠብታ» ይሉታል። ጣራው ያፈሰሰበት፣ የመታጠቢያ ቤቱ ውኃ ጎረቤት የወረደበት ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው፤ ሰውነቱም ቀጭን ስለሆነ ቅጽል ስሙ በሁለት በኩል ተስማምቶታል። ሙያው ውኃ ማስቆም ነው። የኮንክሪት ስንጥቅ ይደፍናል፣ ላዩን እንደ ጎማ በሚለጠጥ ቅብ ይሸፍናል። ሚስት አላገባም። ያለችው አንዲት ታላቅ እህት ናት፤ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ አብልታና አልብሳ ያሳደገችው እሷ ናት።

እህቱ መኪና ታጥባለች። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ቧንቧው አጠገብ ያለውን ጥግ ይዛ ልጇን ያሳደገችው በባልዲና በጨርቅ ነው። ደንበኞቿ ቁልፋቸውን ሰጥተዋት ቢሮ ይገባሉ። ቀልደኛ ናት፤ ጭቃ የለበሰ መኪና ሲመጣላት «ይሄን ልጠበው ወይስ ሽንኩርት ልትከልበት?» ትላለች።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ የሚቆሙት መኪኖች መስታወት ነጭ ነጠብጣብ ያወጣ ጀመር። ከጣራው የሚንጠባጠበው ኖራ ያዘለ ውኃ ቀለም ይበላል። ባለመኪኖቹ ሲያማርሩ የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ ባለሙያ ፈለገ፤ ወንድሟን ያመጣችው እሷው ናት። እሱ ካላስቆመው ማንም አያስቆመውም ብላ ኮራችበት።

ጠብታ ወለሉን አየ። ስስ ሶሌታ ነው። ኮንክሪቱ የተሞላው እንደ ሞገድ በታጣጠፈ የብረት ላሜራ ላይ ሲሆን ላሜራው እዚያው ከሥር ቀርቶ ሸክሙን አብሮ ይሸከማል። ፀጉር የሚያካክሉትን ስንጥቆች ደፈነ፣ ጠረገ፣ ቀባ። እህቱም እስኪደርቅ ጥጉን ለቀቀችለት። ቅቡ ሲያዩት ያምር ነበር። እሷ ወደ ቦታዋ በተመለሰች በሳምንቱ ግን እሳት እንደነካው ቆዳ ውኃ ቋጠረ። ልጦ እንደገና ቀባው። እንደገና ቋጠረ።

ያኔ ገባው። ለዓመታት በስንጥቁ የሰረገው የእጥበት ውኃ በላሜራው እጥፋት ውስጥ ተኝቷል፤ ብረቱ መውጫ አይሰጠውም። እሱ ከላይ ሲሸፍነው ውኃውን ከውስጥ ቆለፈበት እንጂ አላስቆመውም። ሁለተኛው ፎቅ ወርዶ መሰላል አቆመና፣ ልክ ከእህቱ ጥግ ሥር፣ ብረቱን በካቻቢቴ ገፋ አደረገው። ብረቱ ሻይ ውስጥ እንደተነከረ ብስኩት ሆኖ በካቻቢቴው ተበሳ። የዛገ ውኃ በክንዱ ላይ ወረደ። ጠጋ ብሎ ሌላ ቦታ ሞከረ፤ ያው ነው።

ወጥቶ ነገራት። «እታለም፣ እዚህ አትጠቢ። ከሥር ያለው ብረት አልቋል፤ ያበላሸው የእጥበቱ ውኃ ነው።»

መጀመሪያ ሳቀች፤ ቅቡ ስላልያዘለት የሚያመካኝ መሰላት። ፊቱን ስታይ ሳቋ ቆመ። መንገድ ዳር ማጠብ ክልክል መሆኑን፣ ሌሎቹ ማቆሚያዎች የራሳቸው አጣቢ እንዳላቸው አስረዳችው። ልጇ የሙያ ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት ቀርቷታል። «እስክትጨርስ ብቻ ታገሰኝ» አለችው። ከዚህ በፊት ለምናው አታውቅም።

ታገሰ። ላሜራውን ከሥር እየበሳ ውኃውን አንጠፈጠፈ፤ ዝገት የበላው ብረት ግን አይመለስም። ቀኑን ሙሉ ከሥር እየቆመ፣ ቀለም ይንጠባጠባል እያለ ባለመኪኖችን ያባርራል። ከላይ ጎማ በተንከባለለ ቁጥር ትንፋሹን ይይዛል። ለሕንፃው መሐንዲስ ቢናገር እህቱን ጎዳ፤ ዝም ቢል ሊቀብራት ነው።

አንድ ቀን ዕቃ የጫነ ሚኒባስ ሦስተኛው ፎቅ ወጣ። ከበላዩ ጣት ሲንቋቋ የሚመስል ድምፅ ሰማ። ደረጃውን በሩጫ ወጥቶ ጎማው ሥር ተንበርክካ የምታጥበውን እህቱን በክንዷ ጎትቶ አወጣት። ወለሉ አልወደቀም፤ በዓይን እስኪታይ ግን ጎብጦ ነበር። በዚያው እግሩ መሐንዲሱ ቢሮ ገባ።

መሐንዲሱ መጥቶ አየና ሁለቱንም ፎቆች ያን ዕለት አዘጋቸው። ሥራ አስኪያጁ እህቱን ባልዲዎችሽን ሰብስቢ አላት። ማታ ቤቷ ሲሄድ ባልዲዎቹን በሩ ሥር ስትደራርብ አገኛት።

«አንተ ነህ የነገርካቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ልክ ነህ» አለች ቀና ሳትል። «ልክ መሆንህ ግን ልጄን አያስተምርልኝም።»

የዛገው ወለል ፈርሶ አዲስ ተሠራ። በዚህኛው ላሜራው ውኃ ማስወጫ ቀዳዳ ነበረው፤ ኮንክሪቱም በደንብ ሳይደርቅ አልተቀባም። የቀባው ጠብታ ነው፤ እስከ ዛሬ አላንጠባጠበም። መኪና ማጠብ ግን ጨርሶ ተከለከለ። ልጅቷ ትምህርቱን አቋርጣ ሱቅ ተቀጠረች። እህቱ የመኖሪያ ሕንፃ ደረጃ ታጥባለች። ጠብታ የሚያመጣላትን አስቤዛ በሩ ላይ ትተወዋለች እንጂ ወደ ቤት አታስገባውም።

በቀደም ሥራ ቦታዋ ሄደ። ጉልበቷን ይዛ ደረጃው መሐል ተቀምጣ አገኛት። መወልወያውን ከእጇ ወስዶ ደረጃውን ይወለውል ጀመር። ከኋላው ስታለቅስ ሰማት። በዕድሜው ስታለቅስ ሰምቷት አያውቅም። ለመዞር ድፍረት አጥቶ ያንኑ ደረጃ ደጋግሞ ወለወለ።

በመጨረሻ ተነስታ መወልወያውን ተቀበለችው። «በቃ ሂድ» አለችው፤ «ካዩህ ያባርሩኛል።»