እናቴ ቤት ያልተበላው ምሳ

ባለፈው እሑድ የባለቤቴ የእህት ልጅ ሜሮን ደብተሯን ይዛ መጣች። ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ጋር ወደ መንዝ ልትሄድ ነው፤ ጓሳን ካዩ በኋላ ገጠር ገብተው ሁለት ቀን ሊሰነብቱ። «ጋሼ፣ እርስዎ የዚያ አገር ሰው ነዎት። ሰዉን እንዳናስቀይም ምን እንጠንቀቅ? ቤት ስንገባ ጫማ እናውልቅ? ሴቶቹ ነጠላ እንያዝ?» አለችኝ። ጥሩ ልጅ ናት። ተራ ቁጥር አስፍራ፣ እስክሪብቶዋን ደብተሩ ላይ አድርጋ ስትጠብቀኝ ግን የድሮው ትዝ አለኝ። ይህንኑ ጥያቄ ድሮ ሌላ ሴት ጠይቃኝ ነበር። ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ አንድም ፊደል አልለይም ነበር።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ። ቤታችን ከዘመሮ የግማሽ ቀን መንገድ ይርቃል፤ ውርጭ ገብሱን የሚያቃጥልበት ደጋ ላይ። መንዝን ለሚያውቅ ሰው ይህን ያህል ይበቃዋል። ለማያውቀው ልንገረው፤ ቡዳ ይሉናል። ማረሻቸውን የሚስለው አባቴ ነው፣ ወጣቸው የሚበስለው በእናቴ ድስት ነው፤ እናቴ ያበሰለችውን ግን የሚቀምስ የለም። ድግስ ሲኖር ድርሻችን አጥር ውጭ ድረስ ይመጣልናል፣ በቅጠል። መንግሥት ሲለወጥ አንድ ካድሬ ሰብስቦን «ከእንግዲህ ሰውን በሙያው መስደብ ያስቀጣል፣ ሁሉም እኩል ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊት የሰደበን የለም። ስብሰባው ሲበተን እናቴ ጠላ ብታቀርብለት «ጨጓራዬን ያመኛል» ብሎ ተነሣ። ጨጓራው ጎረቤት ቤት ሲደርስ ዳነ መሰለኝ፣ እዚያ ሲጠጣ ዋለ።

ከዚያ ስብሰባ በሁለተኛው ዓመት ነው፣ ዘመሮ ገበያ ድስት ስሸጥ ሰብለ የምትባል የአዲስ አበባ አስተማሪ ያገኘችኝ። አባቴ በዚያን ጊዜ ሞቷል። ድስቱን አገላብጣ አየችና ማን እንደሠራው ጠየቀችኝ። ከባልደረቦቿ ጋር ሆና፣ ከጥምቀት በኋላ፣ እናቴ ስትሠራ ሊያዩ መምጣት ፈለገች። እንደ ሌላው ዘው ብላ ልግባ አላለችም። ድንጋይ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። መጨረሻ ላይ «ምን ብናደርግ እናትህ ቅር ይላቸዋል?» አለች።

«ምንም» አልኳት።

«ባትበሉ» ማለት ነበረብኝ። ግን ያንን ካልኩ ለምን እንደሆነም ልነግራት ነው። ስማችንን ካወቀች ደግሞ አትመጣም ብዬ ፈራሁ።

ጥር ሳይገባ በአንድ የአይሱዙ ሾፌር እጅ ወረቀት ላከችልኝ። ያ ወረቀት ምን እንደሚል ያወቅሁት ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ደብረ ብርሃን ዘበኛ ሆኜ ከጎልማሶች ጋር ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ነው። እንዲህ ይላል፤ «በልጉ ስላልዘነበ ተቸግራችኋል ብለው ነግረውናል። ስለዚህ ስንቃችንን ይዘን እንመጣለን፣ የቤታችሁን እህል አንነካም። እናትህ በሞቴ ብለው ቢለምኑንም ላንበላ ተስማምተናል። ይህ የሚያስቀይማቸው ከሆነ ግን ላክብን።» ላክብን። መልስ መላክ ብቻ ነበር የቀረኝ።

ለማን ላስነብበው? ማንበብ የሚችሉት ቄሱና የቀበሌው ጸሐፊ ናቸው። ለነሱ ባሳያቸው ከእናቴ በፊት አገሩ ይሰማል። ለእናቴ ደግሞ ትንሽ ትንሽ ማንበብ እችላለሁ ብዬ ጉራ ነዝቼባታለሁ። እጇ ላይ ጭቃ እንዳለ መጣች።

«ምን ይላል?»

ወረቀቱ ላይ አፈጠጥኩ። «ይመጣሉ ይላል።»

«ይበላሉ ይላል?»

«ይላል» አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ሌላ ሰው ሆነች። እሳት እንጂ ወጥ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ድስት ሠራች። ጠላ ጠነሰሰች። ያለን አንድ ሙክት ነበር፤ እሱን እረድ አለችኝ። አረድኩ። ካቡን ተደግፋ ለጎረቤታችን ለእትዬ ስንዱ «ከአዲስ አበባ ዘጠኝ ሰው እኔ ቤት ምሳ ሊበላ ነው» ስትላት ሰማኋት። ስንዱ «እስቲ እናያለን» አለች።

እንግዶቹ በጓሳ በኩል በእግራቸው መጡ፤ ፊታቸውን ብርዱ አቅልቶታል፣ ስለ ጭላዳ ዝንጀሮው እያወሩ። እውነት ለመናገር እንደነሱ ያለ ጨዋ እንግዳ አላየሁም። በዚያ ውርጭ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ሳያስፈቅዱ አንድ ፎቶ አላነሡም። እናቴ ጭቃውን ስታድቦለቡል ዙሪያዋን ተቀምጠው እንደ ተማሪ አዩ። ጎረቤቱ በሙሉ ካቡ ላይ ተደርድሯል።

እናቴ እጇን ታጥባ ሞሰቡን ደጅ አወጣችው፣ ሰው እንዲያይላት። ሰብለ ብድግ ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «እማማ፣ ስንቅ ይዘናል። በልጅዎ በኩል ጽፈን ነበር እኮ» አለች። ሌሎቹ ዳቦና ሰርዲን እየፈቱ ነበር።

«በሞቴ» አለች እናቴ። «አንድ ጉርሻ።»

«እርስዎ አይሙቱብን፣ እማማ።»

እኔ ተጠጋሁና በሹክሹክታ «እባክዎ፣ አንዳችሁ ብቻ ይቅመስ» አልኳት። ትከሻዬን ነካ አድርጋ «ይሉኝታችሁ ይገባኛል። ከሌላችሁ ላይ ልትሰጡን ነው። አንወስድም» አለች። ዐይኗ እንባ አቅርሯል። ምነው ክፉ ሰው በሆነች፣ ክፉ ብትሆን በሰደብኳት።

ስሙን ልጠራው አፌን ከፈትኩ። እናቴ ሞሰቡን ይዛ ቆማለች። አገር ሙሉ ካቡ ላይ ነው። እዚያ መሀል ልጇ «ቡዳ ስለሚሉን ነው» ልበል? መልሼ ዘጋሁት።

«እኛን ሐሜተኛ ይሉናል» አለች ስንዱ ከካቡ ላይ፣ ለሁሉም እንዲሰማ። «ይኸው አዲስ አበቤውም ዐወቃቸው።» ሳቁ። ከእንግዶቹ አንዱ ሰላምታ መስሎት እጁን አወዛወዘላቸው።

እጅ ነሥተው፣ የተረፋቸውን ዳቦ ትተውልን ሄዱ። እናቴ ሞሰቡን ከደነችውና መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ፊደል አላውቅም። ዋሽቼሽ ነው» አልኳት።

ጥፍሯ ውስጥ የቀረውን ጭቃ በስንጥር እየፈለቀቀች «ቄሱ ዘንድ ሦስት ቀን ውለህ መሸሽህን አጥቼው ነው?» አለች።

«ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ይበላሉ ሲባል መስማት አምሮኝ።»

ሥጋውን ቋንጣ አድርገን ለሁለት በላነው፤ ወር አልፎትም አላለቀም። እናቴ ከዚያ ምሳ በአራተኛው ዓመት ሞተች። ጎረቤቶቻችን ሊቀብሯት መጥተዋል፣ አፈርም አልብሰዋታል፤ ለእዝን የቀረበውን የነካ ግን የለም።

ሜሮን አሁንም እየጠበቀችኝ ነው። «ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች ቤት ግቡ። የሰጧችሁን ብሉ» አልኳት።

«ስንቅማ እንይዛለን፣ ጋሼ። ለምን እናስቸግራቸዋለን? ለምን እነሱ ቤት?»

ባለቤቴ ጓዳ ናት። ከተጋባን ሃያ ዓመት አልፎናል፤ ቤተሰቦቿ አባቴ ገበሬ እንደነበረ ነው የሚያውቁት፣ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ወረቀት ላይ፣ ይኸው፣ ቡዳ ብሎ መጻፉ ቀሎኛል። በአፍ ሌላ ነው። ሰፈሩ አፈ ሻካራ ይለኛል፤ ሹሙንም ሀብታሙንም የመጣልኝን ተናግሬው ነው የምለቀው። ያቺን ቃል ግን ዋጥኳት።

«ወጣቸው ይጣፍጣል» አልኳት።

ሳቀችና እሱን ጻፈች።