ጣኢፍ ላይ የሳልኳት የግራና ዝንጀሮ

ከግራና የወጣሁት ሱብሒ ተሰግዶ ሰማዩ ሲነጣ ነው። ሰው ሁሉ የስደቱን ወሬ ከጨለማ ይጀምራል፤ የእኔ ግን በጠዋት፣ በባጃጅ፣ አባቴ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። እናቴ በሩ ላይ ዱዓ እያደረገች ቀረች። አባቴ እስከ መርሳ ሊሸኙኝ ተነሱ። የኛን ማሽላ ስናልፍ አንገታቸውን አውጥተው አዩና፣ «ትናንት በላይኛው ጠርዝ ገብተው ነበር። ዘንድሮ ዝንጀሮው በርትቷል» አሉ።

ልጃቸው ባሕር ልትሻገር እሳቸው ስለ ዝንጀሮ ያወራሉ ብዬ ከፋኝ። መርሳ ደርሰን አውቶቡሱ ላይ ስወጣ የሻንጣዬን ገመድ ሁለት ጊዜ ፈትተው ሁለት ጊዜ አሰሩት። ሌላ የሚሉት ነገር ጠፍቷቸው እንደነበር የገባኝ ደሴን ካለፍኩ በኋላ ነው።

መርሳ ውስጥ የአፀደ ሕፃናት አስተማሪ ነበርኩ። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ከተረፉት መጻሕፍት ውስጥ ሥዕል ያለው አንድ ብቻ ነበር። እሱም የበረዶ አገር ድብ ነው። ልጆቹ በየተራ እያገላበጡ፣ «ቲቸር፣ የኛ ጅብ የት አለ? ዝንጀሮስ?» ይሉኛል። የለም እላለሁ። ደሞዙን ደግሞ የቤት ኪራይና ዳቦ ጨርሶት ሲያበቃ፣ እንደ ብዙ የወረዳችን የሐብሩ ልጆች እኔም ለሳዑዲ ተመዘገብኩ።

የመዘገበኝ ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«ሙያ?»

«አስተማሪ።»

«የቤት ሠራተኛ ብዬዋለሁ።»

«ሁለቱንም መጻፍ አይቻልም?»

«ቦታው ለአንድ ነው።»

እንዲህ ሆኜ ጂዳ ወረድኩ። አውሮፕላን ማረፊያው ደጃፍ ላይ ሙቀቱ እንደ ድስት እንፋሎት ፊቴን መታኝ። በቃ፣ ከዚህ ጋር ነው የምኖረው ብዬ ልቤን ሳጠነክር፣ አሠሪዎቼ የላኩልኝ ሾፌር ወደ ተራራ ይዞኝ መውጣት ጀመረ። ከሐራ ቆላ ወደ ወልድያ እንደመውጣት ያለ ነው፤ መጠምዘዣው ግን አያልቅም፣ ጆሮ ይደፍናል። እየወጣን ስንሄድ አየሩ ቀዘቀዘ፣ ነጠላዬን ደረብኩ። አንዱ ጥምዝ ላይ በመንገዱ ዳር ግንብ ላይ ተደርድረው አየኋቸው። ዝንጀሮዎች። ወንዱ ያው ትከሻው ላይ ሽበታም ጎፈር የደረበ፣ ሴቶቹ ያው ግልገል ያዘሉ። ወላሂ፣ የአገሬን ሰው ያየሁ ነው የመሰለኝ። ሾፌሩ «ቂርድ፣ ቂርድ» እያለ፣ ዝንጀሮ ማለቱ ነው፣ መስኮቱን ዘጋ። እኔ ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ኋላ ዕንባዬ ተከተለ።

ቤቱ ጣኢፍ ከተማ ዳር፣ ከተራራው ሥር ነው። የቤቱ እመቤት፣ መደሟ፣ ኡም ራኢድ ትባላለች። በመድረሳ የቀራሁት ዐረብኛ ለቁርኣን እንጂ ለወጥ ቤት አልሆነኝም፤ ቢሆንም ቀስ እያልኩ ተግባባን።

«ስምሽ?» አለችኝ።

«ዘሀራ።»

«የእህቴ ልጅ ዘሀራ ናት፣ ይምታታብናል። ፋጡማ እንበልሽ።»

«ፋጡማማ እናቴ ናት።»

«ጥሩ። እንግዲያው አትረሺውም።»

እሷን ደግሞ «ማማ» እንድላት አዘዘችኝ። በእኛ አገር ማማ ማለት ማሽላ ጠባቂ የሚወጣበት የእንጨት ቆጥ ነው። «ማማ፣ ሻይ ላምጣ?» ባልኳት ቁጥር በሐሳቤ ቆጡ ላይ ወጥቼ ወንጭፍ ይዤ እገኛለሁ። ቀን በቀን ሩዝ ነው። ሩዙ ክፉ አይደለም፣ ግን እጄን ስታጠብ የማሽላ እንጀራ ሽታ ከጣቴ ሙልጭ ብሎ ሲጠፋ ይታወቀኝ ነበር።

ዋናው ሥራዬ ጁድን መያዝ ነው። ጁድ የአምስት ዓመት ልጅ ናት፣ ከግቢ አትወጣም። እኔ ከመምጣቴ በፊት አንድ ትልቅ ዝንጀሮ በግንቡ ወርዶ የያዘችውን ኹብዝ የሚሉትን ዳቦ ከእጇ ነጥቋታል። አልነከሳትም፤ ግን ከዚያ ወዲህ በር ሲከፈት ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። አባቷ አቡ ራኢድ ዝም የሚል ሰው ነው፤ በልጁ ግን አይጫወትም። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «ጎረቤታችን ለዝንጀሮዎቹ ዳቦ ውስጥ መርዝ አድርጎ አስቀምጦላቸዋል። እኔም የፊታችን ጁምዓ አደርጋለሁ» አለ። ጁድ የምትሰማ አልመሰለውም። ሰምታለች። ከሰዓት በኋላ፣ «ሕፃኖቹም ይበሉታል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ያን ቀን ነው ከቀለሞቿና ከወረቀቶቿ ወስጄ መሳል የጀመርኩት። ከመርሳ ወዲህ እርሳስ አልያዝኩም ነበር። አንድ የማውቀው ታሪክ አለ፣ ለማንም ያልነገርኩት።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ማማው ላይ ተረኛ ነበርኩ። መንጋው ከገደሉ ወጥቶ ማሽላው ውስጥ ገባ። አባቴ ከታች ይጮሃሉ፣ እኔ ከላይ ወንጭፌን አዙሬ ለቀቅኩ። መንጋው ተበትኖ ሲሸሽ አንዷ እናት ከመሐል ቆመች። ከጀርባዋ ግልገሏ ወድቋል። አንስታ አቀፈችውና ሄደች። በማግስቱ ይዛው መጣች፣ እጁ ተንጠልጥሎ። በሦስተኛው ቀንም ይዛው መጣች። ሌሎቹ ሲበሉ እሷ ድንጋዩ ካብ ላይ ተቀምጣ ጸጉሩን ትፈታትሻለች። ወንጭፌን ሳነሳ አባቴ ክንዴን ያዙኝ።

«ተይ። ለቅሶ ላይ ናት።»

«አባ፣ ማሽላውን ጨረሱት እኮ።»

«ይጨርሱት። እሷ እዚህ እያለች አንወረውርም።»

ጎረቤታችን ሰይድ ከማሳው ሆኖ፣ «ይማም፣ ምን ነካህ? ወደኔ ልታሻግራቸው ነው» ቢልም አባቴ ክንዴን አልለቀቁም። የላይኛው ጠርዝ ባዶ አገዳ ሆኖ ቀረ። ያን ክረምት ከሐራ ገበያ ማሽላ ገዝተን በላን። ግልገሉን የገደለው የኔ ድንጋይ እንደሆነ አባቴ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ለጁድ ስስለው ግን ዋሸሁ። ማማው ላይ ወንድ ልጅ ሳልኩ።

ጁድ ሥዕሉን ይዛ ብዙ አየችው። «ይህ ልጅ ስሙ ማነው?»

«አላውቀውም።»

«አዝኗል?»

የማታውቂው ልጅ ማዘኑን በምን ታውቂያለሽ? አልኩ ለራሴ። በማግስቱ ያን ወረቀት ቀድጄ ሌላ ሳልኩ፤ ሻሽ ያሰረች ልጅ፣ ጸጉሯ በጎን ወጥቶ።

«ይቺ አንቺ ነሽ» አለች ጁድ።

«አዎ። እኔ ነኝ።»

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሻሼ ያኔ ምን ቀለም እንደነበር ጠየቀችኝ። አረንጓዴ አልኳት። ራሷ ቀባችው።

ጁምዓ ደረሰ። አቡ ራኢድ ከመስጊድ ሲመለስ ዳቦና አንድ ትንሽ እሽግ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

«ፋጡማ፣ ጓንት አድርገሽ ቀላቅይው።»

ሰው አገር፣ ሰው ቤት፣ ፓስፖርቴ በሰው መሳቢያ ውስጥ። «አልችልም» አልኩ።

«አልችልም ምንድነው? እጅ የለሽም?»

«እጅ አለኝ። በዚህ እጄ አንድ ጊዜ ገድያለሁ፣ አይበቃኝም?»

ባልና ሚስቱ ተያዩ። ኡም ራኢድ ወደ በሩ ፈቀቅ ብላ ለባሏ፣ «የላካት ቢሮ ይህን አልነገረንም» አለችው። በኋላ ብቻዬን ስሆን በዚህ ንግግሯ ብዙ ስቄያለሁ፤ ያኔ ግን ሳቅ ከየት ይመጣል። ጁድ ነች ያዳነችኝ፤ ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ ወረቀቶቹን አባቷ እጅ ላይ አኖረችለት።

ጁድ ከእኔ የሰማችውን እየነገረችው አቡ ራኢድ እየገለጠ አየ። እናቲቱ ካቡ ላይ የተቀመጠችበት ላይ ሲደርስ ቆየ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቀኝ።

«አባትሽ ያን ዓመት ምን በላ?»

«ከገበያ ገዛን። ያነሰን ጊዜም ነበር።»

«ታዲያ ተጎዳ።»

«ተጎድተዋል። አልዋሽም። በቀጣዩ ዓመት ግን ጠርዙ ላይ እሾህ አጠሩ፣ የጠባቂውንም ቁጥር ጨመሩ። እዚህማ ማሽላ የለም። የሚመጡት የተረፈውን ሩዝ በግንቡ ላይ ስለምንጥል፣ ቆሻሻ መጣያውም ክዳን ስለሌለው ነው። እሱን እንዝጋና ካልቀሩ ያሻዎትን ያድርጉ።»

«አንድ ወር» አለና እሽጉን ይዞ ወጣ።

ያን ወር እንደሠራሁ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። ክዳን ያለው የብረት በርሜል አስገዛሁ፣ በመስኮቱ ላይ ሽቦ አስመታሁ፣ ኡም ራኢድ ሩዝ ልትደፋ ስትወጣ ሰሐኑን ከእጇ እየተቀበልኩ ተከራከርኩ። «የቤቱ መደም አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?» አለችኝ አንድ ቀን። «አንቺ ነሽ፣ ሩዙ ግን በርሜል ውስጥ ይገባል» አልኳት። ዝንጀሮዎቹ መምጣታቸውን አልተዉም፤ ግንቡ ላይ ይቀመጣሉ፣ ያያሉ፣ የሚበላ ሲያጡ ወደ ተራራው ይመለሳሉ። አቡ ራኢድ መርዙን ድጋሚ አላነሳም። ጁድም አንድ ቀን ቀሚሴን ይዛ እስከ ደጃፉ ወጣች። ግልገል ያዘለች አንዷ ግንቡ ላይ ነበረች። ጁድ ቆማ አየቻትና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃ እንደሚዘጋ።

ከዚያ በኋላ ለመርሳ ልጆች ብዬ ታሪኩን በአማርኛ መጽሐፍ አድርጌ እንደ አዲስ ጀመርኩት። ጁምዓ ከሰዓት ዕረፍቴ ነው፤ ያን ሁሉ ለሥዕሉ ሰጠሁት። ሁለት ቤት አልፎ የምትሠራ ሰዓዳ የምትባል የአገሬ ልጅ፣ የውርጌሳ፣ አለች፣ እየመጣች ትተቸኛለች። «ይቺ ዝንጀሮ ናት ወይስ የቀበሌያችን ሊቀመንበር?» ትለኛለች፤ ቀድጄ እንደገና እስላለሁ። ኮንትራቷ አልቆ አገር ቤት ስትገባ መጽሐፉን በልብሶቿ መሐል አድርጋ ወሰደችልኝ። እህቴ ሐዋ ወልድያ ሄዳ በቀለም አስባዛችው። ለአፀደ ሕፃናቱ ሰጠች፣ አንዱን ደግሞ ግራና ወስዳ ለአባቴ አነበበችላቸው።

አባቴ ራሳቸው ደወሉ። የዐስር ሶላት ሰግጄ ወጥ ቤት ነበርኩ።

«ሐዋ አነበበችልኝ። ቀጭን አድርገሽ ነው የሳልሽኝ» አሉ።

«ያኔ ቀጭን ነበሩ፣ አባ።»

«እሱስ ነበርኩ» አሉና ቀጠሉ። «ግልገሉን የመታው ድንጋይ ግን ያንቺ ነው ያለ ማነው?»

«ማንም አላለም። እኔው አውቃለሁ።»

«አታውቂም። እኔም ከታች ወርውሬያለሁ። እኩል ነው የለቀቅነው፣ የማን እንዳገኘው አላህ ነው የሚያውቅ። እኔ የኔ ነው ብዬ ይዤው ኖሬያለሁ። ያን ጊዜ ክንድሽን የያዝኩሽም ስለዚያ ነው። ደግ ስለሆንኩ አይደለም።»

ማጠቢያውን ተደገፍኩ። «ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

በስልኩ ውስጥ የፍየል ድምፅ ይሰማኛል።

«በይ አስተካክይው» አሉ በመጨረሻ። «እኔንም ከታች አቁሚኝ፣ ወንጭፍ አስይዢኝ። ልጆቹ እውነቱን ይወቁት። ደግሞ ገደሉን ተሳስተሻል፤ በግራ ነው፣ አንቺ በቀኝ አድርገሽዋል።»

«በቀኝ አይደለም እንዴ?»

«በግራ ነው፣ ልጄ። መጥተሽ እያየሽ ብትስይው ነው የሚሻል። መቼ ነው የምትመጪ?»

ኡም ራኢድ ሁለት ዓመት እንድጨምር ጠይቃኛለች፤ እስካሁን አልመለስኩላትም። «ኢንሻአላህ፣ አባ» አልኳቸው። ስልኩ ሲዘጋ ዓይኔን ጨፍኜ ማማው ላይ ወጣሁ። ማሽላው አለ፣ ካቡ አለ፣ ገደሉ ግን አሁንም በቀኝ በኩል ነው። ወረቀት አወጣሁና እሳቸው እንዳሉት በግራ ሳልኩት።