አሰገደች ያነጠፈችው አልጋ

«እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ መጋረጃውን አይክፈቱ።»

አሰገደች ለሆቴሉ እንግዶች ከምትለግሳቸው ምክሮች ሁሉ የመጀመሪያው ይኸው ነበር። ምክንያቱን አትነግራቸውም። ምክንያቱማ ሌሊት ተገድለው በሆቴሉ ፊት ለፊት ባለው ሰፊ መንገድ ዳር የተጣሉትን ልጆች መኪና መጥቶ ለቃቅሞ የሚጨርሰው ሁለት ሰዓት አካባቢ ስለነበር ነው። ዘመኑ ስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ መሬት መሬቱን የሚያይበት ዘመን። አንድ ቡልጋሪያዊ መሐንዲስ ምክሯን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ማልዶ መጋረጃውን ገለጠ። ደረቱ ላይ ጽሑፍ የተለጠፈበት ጎረምሳ አስፋልቱ ላይ ተጋድሞ አየ። ቁርሱን ሳይቀምስ የአውሮፕላን ትኬት ሲያፈላልግ ዋለ። አሰገደች በዚያም ቀን አልጋውን አንጥፋለት፣ ፎጣውን ለውጣለት ወጣች።

እኔ ሸጊቱ በዚያው ሆቴል የልብስ እጥበት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። መካኒሳ ደግሞ የአሰገደች ቤትና የእኔ ቤት በአንድ የጭቃ ግድግዳ የተያያዙ ናቸው። ዛሬ ሰዎች ስለ ትልልቅ ሆቴሎች ሲያወሩ ስሰማ ደሜ ይፈላል። መብራቱ፣ ምንጣፉ፣ ኬኩ እያሉ ያደንቃሉ። ያንን ሁሉ ምቾት ማን እንደሚያሰናዳው የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ እኔ ስለ አልጋው ልናገር።

አሰገደች የተወለደችው ጉራጌ አገር ነው። በልጅነቷ አክስቷ ወደ አዲስ አበባ አመጣቻትና ጣሊያን ቤት ገረድ ሆና አደገች። አልጋ ማንጠፍ የተማረችው እዚያ ነው። ሆቴሉ ሲከፈት ክፍል እንድታሰናዳ ቀጠሯት። ባሏ ግንበኛ ነበር፤ ልጃቸው ወጋየሁ ገና ድክ ድክ ሳይል እሱ ከግንብ መወጣጫ ላይ ወድቆ ሞተ። ሌላ ባል አላገባችም። «አንድ ወንድ ይበቃኛል፣ እሱም ገና ጡት አልጣለም» ብላ ሽማግሌዎቹን አስቃ መለሰቻቸው።

እጇን ብታዩ! አንሶላውን ከፍራሹ ሥር ወትፋ፣ ብርድ ልብሱን እንደ ከበሮ ወጥራ፣ ማዕዘኑን እንደ ፖስታ አጥፋ ስታበቃ፣ አለቃችን መዳፉን አልጋው ላይ ያሳልፍና የሚያርመው ነገር ሲያጣ ተናዶ ይወጣል።

ለእንግዶቿ ደግሞ እንደ እናት ናት። መንገድ ዳር ያለ ክፍል አይያዙ፣ የጓሮውን ይጠይቁ ትላለች። ተኩስ ከሰሙ መታጠቢያ ቤት ገብተው ወለሉ ላይ ይቀመጡ፣ ግድግዳው ድርብ ነው። መብራት አብርተው መስኮት አጠገብ አይቁሙ። ካሜራዎን ሻንጣ ውስጥ ይተዉት። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በጣሊያንኛ፣ የቀረውን በእጇ ታስረዳቸዋለች። አለቃችን ይህን ሰምቶ ጠራትና ለእንግዳ ስለ ጸጥታ ማውራት ክልክል መሆኑን በቁጣ ነገራት። እሷ ስለ መጋረጃና ስለ መታጠቢያ ቤት እንጂ ስለ ጸጥታ ምንም እንዳላወራች መለሰችለት። ሰውየውም ወደ ሥራዋ መለሳት።

በዚያ ዓመት ከክፍለ ሀገር ለስብሰባ የመጡ ካድሬዎች ሆቴላችን ውስጥ ሰፈሩ። ከእነሱ አንዱ ገሠሠ የሚባል ገና ጢሙን በቅጡ ያላበቀለ ወጣት ነበር። በመጀመሪያው ቀን አሰገደች ክፍሉን ልታሰናዳ ስትገባ አልጋው እንዳነጠፈችው ነው። ልጁ ካፖርቱን ለብሶ ወንበር ላይ ኩርምት ብሏል። አንሶላውና ብርድ ልብሱ ጥብቅ ከማለታቸው የተነሣ በየት በኩል እንደሚገባ ጠፍቶት፣ ሰው መጠየቅም አፍሮ፣ እዚያው ሲንቀጠቀጥ አድሯል። አሰገደች አልሳቀችበትም። በራስጌ በኩል እንዴት እንደሚገለጥ፣ ከገቡ በኋላ ግርጌውን በእግር ረገጥ ረገጥ አድርጎ ማላላት እንደሚቻል አሳየችው። ሙቅ ውሃው በየትኛው በኩል እንደሆነም ነገረችው። ልጁ «እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አላት። እግዜር ማለቱ አምልጦት ነው መሰለኝ ደነገጠ። እሷም እንዳልሰማች ሆነች። ማታ በሠራተኞች አውቶቡስ ስንመለስ «ምስኪን ነው፣ የወጋየሁ እኩያ ነው» እያለች ስታዝንለት ነበር። እኔ ለካድሬ የማዝንበት አንጀት አልነበረኝም፤ ለእሷ ግን ይህን አልነገርኳትም።

የእሷ ወጋየሁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ሸንበቆ የመሰለ ቀጭን፣ ሲስቅ ትከሻው የሚነቀነቅ ልጅ። ከጓደኞቹ ጋር የኢሕአፓን ወረቀት ይበትን እንደነበር እናቱ ያወቀችው ዘግይታ ነው። በመጀመሪያ አንድ የክፍል ጓደኛው ታፈሰ። በሳምንቱ ሌላው ጓደኛው በብስራተ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ጥፍሮቹ ተነቅለው፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ተገኘ። ከዚያ የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች ወጋየሁ የት እንዳለ መጠየቅ ጀመሩ። አሰገደች አጎቱ ዘንድ እንደሄደ ነገረቻቸው። ልጁ ግን የትም አልሄደም ነበር። በየመንገዱ ኬላ አለ፣ የት ይሂድ?

ያኔ ነው የአልጋውን ዘዴ የፈጠረችው። ፍራሹን ከሥር በኩል ተረተረችና መሐሉን ጎድጉዳ ጥጡን አወጣች። ልጁ ጉድጓዱ ውስጥ በጀርባው ሲተኛ የሚተነፍሰው ከታች፣ በአልጋው ጣውላዎች መሐል በሚገባው አየር ነው። ከላይ ስስ ጥጥ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የአልጋ ልብስ። አንድ እሑድ ጠራችኝና አልጋው ላይ ምን እንደሚታየኝ ጠየቀችኝ። ሜዳ ነው፤ ምንም አይታየኝም አልኳት። አልጋው «እታባ ሸጊቱ፣ እንደምን ዋልሽ?» ሲለኝ ልቤ ልትወጣ ደረሰች። ሦስታችንም አፋችንን በእጃችን አፍነን ሳቅን። ከዚያ አሰገደች ሳቋን ቆረጠችና ልጇን በአልጋው ልብስ ላይ ሆና አስማለችው። ምንም ብትሰማ፣ እኔን ሲሰድቡኝም ሲመቱኝም ብትሰማ እንዳትወጣ አለችው። ማለ።

የቤት ለቤት ፍተሻው ቀን ቅዳሜ ነበር። ጎህ ሲቀድ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በሰፈሩ እየዞረ ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ፣ የወጣ ያለ ማስጠንቀቂያ እንደሚመታ ለፈፈ። እኛ ቤት የደረሱት ረፋዱ ላይ ነው። ዱቄታችንን መሬት ላይ ደፉት። ኮርኒሱን በሳንጃ ቀደዱት። ባሌን ዳኜን ለምን ታፈጣለህ ብለው አፉን በሰደፍ መቱት። የተሰበሩ ጥርሶቹን መዳፉ ላይ ተፍቶ ደሙን እያንጠባጠበ ተቀመጠ። ምንም ሳያገኙ ወጥተው ወደ አሰገደች ቤት ዞሩ፤ ውጪ ሆኖ ሲያዛቸው የቆየው አለቃቸውም ተከትሏቸው ገባ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ግማሹን በግድግዳው በኩል በጆሮዬ ሰማሁት፣ ግማሹን ደግሞ እሷ ቆይታ ነገረችኝ።

«እናቴ! እርስዎ ነዎት እንዴ? ቤትዎ እዚህ ነው?»

የአለቃው ድምፅ ነው። ሸሚዙን ላስተኩስ እያለ እጥበት ክፍል ይመላለስ ስለነበር ለየሁት፤ ገሠሠ ነበር። ለአሰገደች ነፍሷ መለስ አለች። እኔም ግድግዳው ሥር ሆኜ ተመስገን አልኩ። ግባ ልጄ፣ ተቀመጥ አለችው። አልተቀመጠም። ሰዎቹ ቁም ሣጥኑን ገለበጡ፣ የባሏን ፎቶግራፍ መስታወት በጫማቸው ረገጡ። ገሠሠ ግን አልጋውን ነበር የሚያየው። ብዙ አየው። አንዱ ጠባቂ ሳንጃውን ወደ ፍራሹ ሲሰነዝር በእጁ አስቆመው።

«ዛሬ ሰው ሁሉ ከመኝታው በድንጋጤ ነው የተነሣው። የገባንበት ቤት ሁሉ አልጋው እንደተተራመሰ ነው» አለ። «አንቺ ማን ይመጣል ብለሽ ነው እንደ ሆቴል ያነጠፍሽው?»

እርስዎ ማለቱ ቀረ። እሷም እጇ ልማድ ሆኖበት እንደሆነ ነገረችው። ደግሞም እውነቷን ነበር። ሌላ እናት ብትሆን አሮጌ ብርድ ልብስ ጥላበት፣ ቅራቅንቦ ከምራበት ትተወው ነበር። አሰገደች ግን ከልጅነቷ ጀምሮ የተጨማደደ አልጋ ትታ ከክፍል ወጥታ አታውቅም። ልጇን ሸፍና እጥፋቱን አስተካከለች፣ በመዳፏም አለሰለሰችው። በዚያ ሁሉ የድሃ ሰፈር ውስጥ ያን የመሰለ አልጋ አንድ ብቻ ነበር፤ ያየውም እንዴት እንደሚነጠፍ የሚያውቅ ሰው ነው።

ጎትቶ ሊገልጠው ይችል ነበር። እሷው ናት እንዴት እንደሚገለጥ ያሳየችው። አልገለጠውም። አስቤ አስቤ የማይገባኝ፣ እስከ ዛሬም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ልጁ በገዛ እግሩ እንዲወጣ ፈለገ። ወደ ጠባቂዎቹ ዞሮ «ምቷት» አለ።

የመጀመሪያውን ምት ሰማሁ። ሰደፍ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ድፍን ነው። አሰገደች አንዴ «ውይ» አለች። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነክሳው ነበር፤ ልጇ ጩኸቷን ከሰማ መሐላውን እንደማይጠብቅ ታውቃለች። ጀርባዋን መቷት፣ ዝም። ጉልበቷን መቷት፣ ወደቀች፣ ዝም። ገሠሠ ልጅሽ የት ነው እያለ በየመሐሉ ይጠይቃል። ሰደፉ ይወርዳል። አንዱ በከስክስ ጫማው አገጯን ሲረግጣት አጥንቱ ሲሰበር በግድግዳው በኩል ሰማሁት። ያኔም ድምፅ አላወጣችም። ዳኜ በደም የጨቀየ እጁን አፌ ላይ ጭኖ ይዞኛል። ሞታለች አልኩ በልቤ። በሕይወት ያለ ሰው እንዲህ ሲመታ ዝም አይልም።

«ድምጿ ጠፋ! ገደላችኋት!»

የወጋየሁ ጩኸት ነበር። አልጋው ሲቀደድ ሰማሁ። ሲወጣ እናቱ ፊቷን ወደ መሬት ደፍታ፣ ደሟ በወለሉ ላይ እየሄደ አገኛት። ጠባቂው ላይ ዘሎ ጉሮሮውን አነቀው። ሌሎቹ በሰደፍ አናቱን ብለው ጣሉት፤ እግሩን ይዘው እየጎተቱ አወጡት። አሰገደች አልሞተችም ነበር፣ ራሷንም አልሳተችም። አንድ ዓይኗ ደም ሞልቶታል፤ በሌላው የልጇ ተረከዝ ደፉን ሲሻገር አየች። አለሁ ልትለው አፏን ከፈተች። አገጯ ተንጠልጥሎ ነበርና ቃሉ አልወጣላትም። በክንዷ እየተሳበች ወደ በሩ ሄደች። ልጁ ግቢው ውስጥ «እናቴን፣ እናቴን» እያለ ይጮሃል። እጇ ደፉን ሲነካ ተኩሱ ተሰማ።

ሬሳው የኛው አጥር ሥር እንዲውል፣ ማንም እንዳያነሣው፣ ማንም እንዳያለቅስ ታዘዘ። ለአናርኪስት ያለቀሰ አናርኪስት ነው ተባልን። ጠባቂ ቆመበት። እኔና ዳኜ አሰገደችን አንሥተን አገጯን በጨርቅ አሰርንላት። ውሃ በጭልፋ ጠብ እያደረግንላት፣ እንባችንን እየዋጥን ተቀመጥን። ማታውን መኪና መጥቶ ልጁን ወሰደው። የት እንደጣሉት አልታወቀም።

ጎረቤቱ እንዳይሰማበት ፈርቶ ጠፋ። የመጡት ጥቂቶችም በሹክሹክታ ነው ያጽናኗት። አንዷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ምን ዓይነት ጀግና ነሽ፣ እንዲያ ሲደበድቡሽ አንድ ቃል አላወጣሽም እኮ አለቻት። በደግ ነው ያለችው። አሰገደች ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ከመደቡ ተነሣች። በዚያ ጉልበቷ እንዴት እንደቆመች አላውቅም። ግድግዳውን ይዛ ወጣች፤ ልጇ የወደቀበት አጥር ሥር ደርሳ የታሰረውን ጨርቅ በገዛ እጇ ፈታችና ጮኸች።

ቃል የለውም፣ ጩኸት ብቻ ነው። ከመካኒሳ እስከ ብስራተ ገብርኤል ያለ ሰው የሰማው መሰለኝ። ጠባቂዎቹ ሮጠው መጥተው ዝም በይ አሏት። በሰደፍ መቷት። አላቆመችም። እየጎተቱ ወደ ቀበሌ ሲወስዷትም ትጮህ ነበር፤ እዚያም ዘግተውባት ስትጮህ ዋለች።

ኋላ ተፈትታ፣ አገጯ እንደተጣመመ ተጠግኖ፣ ቃላት ማውጣት ስትችል፣ ለምን በዚያ ቀን አጥሩ ሥር እንደዚያ እንደጮኸች ጠየቅኳት። ወደ ሆቴሉ ሥራ ተመልሳ፣ በሠራተኞች አውቶቡስ ውስጥ ነበርን።

«በሕይወት እንዳለሁ እንዲያውቅ ነዋ» አለችኝ።