በየፎቁ ያበዛሁት ሰላምታ

ሞኝነቴን ከሰው አፍ ከምትሰሙት ራሴው ልናዘዝ፤ ጉንፋን በላብ ይወጣል ብዬ አምን ነበር። ማመን ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ትኩሳት እየለበለበኝ ሁለት ጃኬት ደርቤ እሁድ ጠዋት ኳስ ልጫወት ወጣሁ። የጤና ቡድን አለችን። ሃምሳን አለፍ አለፍ ያልን፣ ከመሮጥ ይልቅ ከዳኛ ጋር መከራከር የሚቀናን ሰዎች ነን። የዚያን ቀን ግን እንደ ልጅ ሮጥኩ። ጎልም አግብቻለሁ፤ በራሳችን በረኛ ላይ ቢሆንም።

ጉንፋኑ በሳምንቱ ለቀቀኝ፤ ድካሙ ግን አልለቀቀኝም። የምንኖረው ለሚ ኩራ፣ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ድሮ ጄሪካን ውሃ ተሸክሜ እወጣው በነበረው ደረጃ አሁን ባዶ እጄን አንደኛ ፎቅ ስደርስ ትንፋሼ ያልቃል፣ ልቤ ይደልቃል። ዕድሜ ነው አልኩ። ለሚስቴ እንዳልነግራት ኳሱን ትከለክለኛለች፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ "አላልኩህም?" ትለኛለች።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ፤ ሰላምታ። አንደኛ ፎቅ ላይ አዲስ ተጋቢዎቹን ስለ ሥራ፣ ስለ ቤተሰብ እጠይቃለሁ። ሁለተኛ ፎቅ በራቸው ላይ በዱካ ተቀምጠው ምስር የሚለቅሙ እማማ አሉ፤ ጉልበታቸውን እጠይቃለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ጨርቅ ነጋዴው ጋ ስለ ገበያው አወራለሁ። ትንፋሼ ሲመለስ ቻው ብዬ እቀጥላለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስሜ ገነነ፤ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ይሁን የሚሉም መጡ። ሚስቴ "ባሌን ነው የምታወሩት?" ብላ ሁለቴ ጠየቀች አሉ።

ያልተሸወዱት እማማ ብቻ ነበሩ። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እንደ ልማዴ ጉልበታቸውን ጠየቅኳቸው። ሰፌዱን አስቀመጡና አዩኝ።

"ጠዋትም ጠይቀኸኝ ነበር። ምን ብዬ መለስኩልህ?"

ወደሚቀጥለው ደረጃ አንድ እግሬን አነሳሁ።

"አታውቅም። እየጠየቅክ ትንፋሽህን ነው የምታዳምጠው። እስቲ እግርህን እየው።"

አየሁት። አብጦ የጫማው ክር አልታሰር ብሏል፤ እኔ ጫማው የጠበበኝ መስሎኝ ነበር። ቀልድ ጀመርኩ፣ ግማሹ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። እማማ አልሳቁም። ዱካቸው ላይ አስቀመጡኝና፣ እባክዎ ይተዉ እያልኳቸው፣ ወደ ላይ ሚስቴን ተጣሩ።

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ስንሄድ ሚስቴ መንገዱን ሙሉ አልተናገረችም። "አላልኩህም"ን የናፈቅኩት ያን ቀን ነው። ሐኪሟ ልጄ ልትሆን የምትችል ናት። ልቤን በስክሪን አሳየችን፤ እንደ ደከመው ሰው እጅ ላላ ብሎ ነው የሚጨብጠው። በቅርቡ ጉንፋን ይዞዎት ነበር ወይ አለችኝ። የኳሱን ታሪክ፣ ጎሉን ዘልዬ፣ ነገርኳት። የጉንፋን ቫይረስ አንዳንዴ ልብ ድረስ ዘልቆ ጡንቻውን እንደሚያስቆጣ፣ ብዙ ሰው ግን ምንም ሳይሆን እንደሚያልፍለት አስረዳችኝ።

"የእርስዎም በእርግጠኝነት ከዚያ ነው ብዬ አልምልም፤ ግን ይመስላል። በትኩሳት መሮጥ ደግሞ የታመመን ልብ መግረፍ ነው። ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ . . ." ብላ ተወችው። ሚስቴ እጄን ያዘችኝ።

መድኃኒት፣ ዕረፍት፣ ለወራት ኳስ የለም። ክሊኒክ ደርሼ ስመለስ ሁለተኛ ፎቅ ደረጃው አጠገብ ዱካ ጠበቀኝ፤ የእማማ ነው። በሳምንቱ አንደኛ ፎቅ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ወጣ፣ ከዚያ ሦስተኛም። ማንም ምንም አላለኝም። እየተቀመጥኩ ስለምወጣ መልሱን መስማት ጀመርኩ፤ የእማማ ግራ ጉልበት በዝናብ ቀን እንደሚብስ፣ አዲሶቹ ተጋቢዎች ልጅ እንደሚጠብቁ ያወቅኩት ያኔ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቀልጄ ያላገኘሁትን ጎረቤት በሦስት ወንበር አገኘሁ።

ወራት አለፉ። ሐኪሟ ስክሪኑን አይታ ፈገግ አለች፤ ልብዎ በደንብ እየጨበጠ ነው አለችኝ። በዚያው ቀን በደስታ አራቱንም ፎቅ ሳላርፍ ወጣሁ። የቤቴን በር ልከፍት ስል ከታች የእማማ ድምፅ መጣ።

"ዳንክና ሰላምታም ቀረ? ለካ ሲያምህ ነው ሰው የምትሆነው። ና ውረድ፣ ጉልበቴን ጠይቀኝ።"