ከውስጥ የሚቀረቀር በር

ባለፈው ክረምት ለአጭር ሥልጠና ዴንማርክ ሄጄ፣ እሑድ ዕለት ባልደረቦቼ ኤሮ ወደምትባል ትንሽ ደሴት በመርከብ ወሰዱኝ። ወደቡ ዳር ያለችው ጥንታዊ ከተማ ታምራለች። መንገዷ ድንጋይ የተነጠፈ፣ ቤቶቿ ዝቅ ዝቅ ብለው ቢጫና ቀይ የተቀቡ፣ በየደጃፉ ከሰው ቁመት የሚረዝም አበባ የበቀለባት ናት። ሌላው ጎብኚ ባሕሩን ፎቶ ሲያነሳ እኔን ግን አንድ ሽታ ጎትቶ ደጃፍ ላይ አቆመኝ። አንድ ሽማግሌ የቤታቸውን አሮጌ በር ልገው ቫርኒሽ እየቀቡ ነበር። "ወይ ጋሽ ይማም!" አልኩ ጮክ ብዬ። ሽማግሌው ሰላም ያልኳቸው መስሏቸው እጃቸውን አነሱልኝ። እዚህ አገር በር ብዙም አንቆልፍም ብለው በባልደረባዬ በኩል ነገሩኝ።

ጋሽ ይማም መርሳ ከተማ ውስጥ አናጢ ነበሩ። እኔ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። መንደራችን ግራና ከምትባለው ከተማ ወዲያ ስለሆነ በየቀኑ መመላለስ አይታሰብም፤ እንደማንኛውም የገጠር ተማሪ ክፍል ተከራይቼ ነበር የምማረው። ያለኝ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ጀሪካን፣ አንድ የላምባ ምድጃና አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያመጣልኝ ስንቅ ነው። እትዬ ከድጃ ያከራዩኝ ክፍል የቆርቆሮ በር ነበራት፤ ከውጭ በጓጉንቸር ትቆለፋለች፣ ከውስጥ ግን የምትታሰረው በሽቦ ነው። የጋሽ ይማም ሱቅ ከግቢው ፊት ለፊት ነበር። ቀጭንና ቁጡ ሰው ናቸው፤ እርሳስ ከጆሯቸው፣ ሰጋቱራ ከቅንድባቸው አይጠፋም። ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የመላጊያቸው ድምፅ ነበር።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የሰከረ ጎረምሳ በሬን ገፍቶ ሽቦውን በጠሰው። ስጮህ እትዬ ከድጃ ዘነዘና ይዘው ደረሱ፤ ፈረጠጠ። ምንም አልሆንኩም፤ ወሬው ግን ሳይውል ሳያድር መንደራችን ገባ። ቅዳሜ አባቴ ያለስንቅ፣ ባዶ አህያ እየነዳ መጣ። አህያዋን ሳይ ገባኝ።

"በቃ፣ እስካሁን የተማርሽው ይበቃሻል። ተነሺ" አለኝ።

አልነሳም ብዬ ፍራሼ ላይ ተቀመጥኩ፤ ለቅሶዬን ለቀቅኩት። ከእኔ በፊት እንዲህ የተወሰዱት ልጆች አንዳቸውም አልተመለሱም፤ ተድረው ቀሩ። እኔ ደግሞ ከመማር በቀር ምንም አላማረኝም።

ጋሽ ይማም ለቅሶዬን ሰምተው መሮ እንደያዙ ገቡ። ነገሩን ሲረዱ አባቴ ላይ አፈጠጡበት።

"የጎደላት በር ነው?"

"ምን ላድርግ ይላሉ? ሴት ልጅ በሽቦ አስሬ ልሂድ?"

"እስከ ዐሥር ሰዓት ጠብቀኝ፤ በር እሠራላታለሁ። ገፍተህ ከከፈትከው፣ ወላሂ ፍራሿን አህያዋ ላይ የምጭንልህ እኔ ነኝ።"

ጉዱ፣ ለካ እንጨት የላቸውም! ወደ ሱቃቸው ተሻገሩ፤ ወዲያ ወዲህ አዩና የራሳቸውን ሱቅ የዋንዛ በር ከነማጠፊያው ነቀሉት።

"ኧረ ይማም፣ ዕቃህ ሜዳ ላይ ሊያድር ነው!" ብለው እትዬ ከድጃ ጮሁ።

"ዕቃ አይደለም እንዴ? ይደር!" አሉ።

መጋዙና መላጊያው ሲፈራረቁ ዋሉ። በሩን በክፍሏ ልክ አጠበቡ፤ አዲስ መቃን አቆሙ። ከውስጥ በኩል የክንዴን ያህል የሚወፍር የወይራ መቀርቀሪያ ገጠሙለት፤ ከውጭ የሚከፈትበት ቀዳዳ እንኳ አላስቀሩለትም።

አባቴ ከዐስር ሶላት ሲመለስ ገብቼ ቀረቀርኩ። በእጁ ገፋው። በእግሩ መታው። ወደኋላ ሄዶ ተንደርድሮ ሲመጣ ከግድግዳው አፈር ረገፈብኝ፤ ከዚያ "ወይኔ ትከሻዬ!" ሲል ሰማሁት። ዕንባዬ ሳይደርቅ ሳቅሁ።

"ሉባባ" አለኝ በበሩ በኩል፣ "ለቅዳሜ ስንቅሽን አመጣለሁ።" እዚያው ቆሞ ዱዓ አደረገልኝ፤ እኔም ከውስጥ ሆኜ አሚን አልኩ።

ጋሽ ይማም ክረምቱን ሱቃቸውን በሸራ ጋርደው አሳለፉ። የሚወዱት መላጊያ ተሰረቀባቸው፤ ለእኔ ግን አንድም ቀን ትንፍሽ አላሉም። ሲያገኙኝ "በሩ እንዴት ነው?" ብቻ ነበር የሚሉኝ። አሁን ወልድያ አስተማሪ ነኝ። እሳቸው የሞቱት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው፤ ለቀብር አልደረስኩም። ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዴንማርክ በተመለስኩ ሳምንት በሚኒባስ መርሳ ወረድኩ። እትዬ ከድጃ ገበያ ሄደዋል፤ በሩ ግን አለ፤ ፀሐይ አጥቁሮታል እንጂ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንኳኳሁ።

"ማነው?" አለች አንዲት ልጅ ከውስጥ።

"ድሮ እዚህ ክፍል ተከራይቼ የተማርኩ ነኝ፤ በሩን ከውስጥ ልየው ብዬ ነው።"

ደብተር ሲታጠፍ ሰማሁ።

"አላውቅዎትም" አለችኝ፤ "እትዬ ከድጃ እስኪመጡ ይጠብቁ። እኔ አልከፍትም።"

ቁጣዋ ልቤን በደስታ ሞላው። "ጎሽ የኔ ልጅ፣ በርቺ!" አልኳትና ወደ አስፋልቱ ወጣሁ።